ሦስት እርምጃ

«የአንድ ሰው ኑሮ መረጃ አይደለም!» አሉ ፕሮፌሰሩ። ይህን ሲሉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ በየጊዜውም ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄዷል። በዚያ ቤት ባለፉት ስድስት ዓመታት ማንም ሳይከለክለው እንደ ልቡ የጨመረ ነገር ቢኖር የፕሮፌሰሩ ድምፅ ነው።

«መረጃ ነው አላልኩም ጋሼ። ደመወዜን ይጨምሩልኝ ነው ያልኩት» አለች እታለም።

«እኔስ የምልሽ እሱኑ አይደል! አንቺ የምትነግሪኝ የተሰማሽን ነው። ስሜት ሌላ፣ ቁጥር ሌላ!»

እታለም ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ይዛ የጥናት ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። የገባችው ብርጭቆውን ልታነሳ ነበር፤ እጇ ብርጭቆውን ሲያነሳ አፏ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ ስትለማመደው የከረመችውን ነገር አነሳ። ስድስት ዓመት ያልተነካ ደመወዝ፣ ሁለት ሺህ። የምትለምነው ጭማሪ፣ አምስት መቶ። በአንድ ትንፋሽ ነበር ያለችው። ለማጠቢያው ስትነግረው ያምር ነበር፤ ማጠቢያው ደግሞ ጨዋ ስለሆነ መረጃ አምጪ ብሏት አያውቅም።

የክፍሉ ሦስት ግድግዳዎች መጽሐፍ ናቸው። አራተኛው ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የአርባ ዓመት ኢኮኖሚ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ ቀይ መስመር ነው። እታለም ሐሙስ ሐሙስ ትወለውለዋለች፤ በልቧ «ተራራው» ነው የምትለው። ፕሮፌሰሩ ሠላሳ ዓመት የደከሙት በዚህ ተራራ ሥር ነው። የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ኢኮኖሚው ሲንርና ሲንኮታኮት፣ ዋጋም አብሮት ሲዘል፣ ደመወዝ ብቻውን ለምን ተገትሮ ይቀራል? ስለዚህ ነገር ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ስምንት አገር ሄደው ተናግረዋል፤ በስምንቱም አገር በደንብ ተበልቷል። መልሱ ግን እስካሁን በውል አልተገኘም። የተገተረ ደመወዝ በቅርብ ማየት ቢያምራቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ በሩ መመልከት ይበቃቸው ነበር።

«ስሚኝ» አሉ፣ ለደካማ ተማሪዎች የሚያስቀምጡትን ትዕግሥት አውጥተው። «ዋጋ ጨመረ ብለን ደመወዝ ከጨመርን፣ ደመወዝ ጨመረ ተብሎ ዋጋ ይጨምራል። ያን ጊዜ አንቺ ተመልሰሽ ትመጫለሽ። አዙሪት ነው። አንድ ሰው ጨክኖ ማቆም አለበት።»

«እኔ አምስት መቶ ቢጨመርልኝ ሽንኩርት ይወደዳል?»

«በመርህ ደረጃ፣ አዎ።»

እዚህ በር ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ጠይቃ፣ ኢኮኖሚው ግሏልና ቤንዚን አናርከፍክፍበትም ተብላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ስትጠይቅ ደግሞ ኢኮኖሚው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁሉም ሰው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። አሁን «መታጠፊያው ላይ ነን» ይሏታል፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ረጋ ማለት ነው የሚያዋጣው። ሲሞቅም አልሆነ፣ ሲበርድም አልሆነ፣ ለብ ሲልም አልሆነ። የእሷ ጭማሪ የሚስማማው የአየር ጠባይ ገና አልተፈጠረም።

ፕሮፌሰሩ መሳቢያቸውን ስበው ጠርዙ የታጠፈ ደብተር አወጡ። «ይኸው፣ በራስሽ እጅ! ሃያ አራት ዕቃ። ከአምና እስከ ባለፈው ቅዳሜ ጠቅላላ ጭማሪው አራት ነጥብ አንድ በመቶ። ራስሽ ጽፈሽ ራስሽ ትክጃለሽ?»

ደብተሩ የዋዛ ደብተር አይደለም። እታለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በወረደች ቁጥር የሃያ አራት ዕቃ ዋጋ በእርሳስ ትጽፍበታለች፤ ፕሮፌሰሩ ወደ ኮምፒውተራቸው ያስገቡታል፤ ሰኞ ጠዋት «ሳምንታዊ የቤት ፍጆታ መለኪያ» ተብሎ ይወጣል። ጥናቱ ሲታተም መረጃው «በሠለጠነች መረጃ ሰብሳቢ» እንደተሰበሰበ ይጠቅሳል። ሥልጠናው የተሰጠው ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆን ስድስት ደቂቃ ያህል ፈጅቷል፤ ፕሮፌሰሩ ሙዝ እየላጡ «የገዛሽበትን ዋጋ ጻፊ፤ ያልገዛሽውንም ብትገዢ ኖሮ በስንት እንደሚሸጡልሽ» ብለዋት፣ ልጣጩን ሰጥተዋት ወጥተዋል። ማዕከላዊ ባንኩ ይህን መለኪያ ከራሱ መለኪያ አብልጦ ይወደዋል፤ ረጋ ያለ ነዋ። የሌላው ሰው ቁጥር ሲፈነጭ የፕሮፌሰሩ ቁጥር እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው።

በዚህ መሐል የፕሮፌሰሩ ባለቤት፣ እታለም እትዬ የምትላቸው፣ ፀጉራቸውን እንደጠቀለሉ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ዛሬ? የባንኩ ምክትል ገዥ ለምሳ በሚመጣበት ቀን?» ነገሩ ሲነገራቸው ከመቆጣት ይልቅ ማዘን መረጡ፤ ማዘን ወጪ የለውም። «እታለም፣ እኛ አንቺን እንደ ሠራተኛ አይተንሽ እናውቃለን? ደመወዝ ደመወዝ ስትዪ አፍሽን አይከብደውም? የአክስቱ ልጅ እኮ ነሽ! ቤትሽ እኮ ነው!»

የአክስታቸው ልጅ መሆኗ እውነት ነው። ፕሮፌሰሩ ተማሪ ሳሉ አራት ዓመት የበሉትና ያደሩት በእሷ እናት ቤት ነው፤ እሷን አዝለው ሲያባብሉም ጎረቤት ያውቃል። ዝምድናው ግን የራሱ የሥራ ሰዓት አለው፤ ጭማሪ ሲነሳ ዘመድ ትሆናለች፣ እንግዳ ሲገባ ሠራተኛ። እናትና አባቷ ያወጡላት ስምም ነበራት፤ መታወቂያዋ ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ በዚህ ቤት ግን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ደብተሩን፣ ባለቤታቸው ጥፍራቸውን፣ እታለም ተራራውን አየች። በኋላ እትዬ ከቦርሳቸው የገበያውን ገንዘብ ቆጥረው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፤ ያው የወትሮው ነው። «ዶሮ ሁለት ግዢ። ድንቹን ትንንሹን ምረጪ፤ ትልልቁ ሲጠበስ አያምርም» አሉና ወጡ። ፕሮፌሰሩም ደብተሩን ዘረጉላት። «እንግዳው የዛሬውን ቁጥር ትኩሱን ማየት ይፈልጋል። ቶሎ ተመለሽ።»

እታለም ያልነገረቻቸው አንድ ነገር ነበር። ገበያው አጠገብ ያለው ላውንደሪ ልብስ ተኳሽ ይፈልጋል። የላውንደሪው ባለቤት የፕሮፌሰሩን ሸሚዝ አንድ ቀን አይታ፣ ኮሌታውን በጣቷ ዳስሳ፣ «ይህን ማን ነው የተኮሰው?» ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀቻትም። ሦስት ሺህ ስድስት መቶና ከጀርባ አንድ መኝታ፤ መልሱ ግን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ካልሆነ ሌላ ሴት ሰኞ ትገባለች። እታለም ግን ዘጠኝ ዓመት የወለወለችውን ተራራ በአንድ ቀን ጥላ መሄድ ከበዳት። ከጋሼ ትንሽ ነገር ብትሰማ፣ አምስት መቶው ቢቀር ሁለት መቶ እንኳን፣ ላውንደሪውን ልትተወው ነበር። እየተራመደች ከራሷ ጋር እንዲህ ተስማማች፤ መልሱን እስከ ምሳ ድረስ ልትጠብቀው።

ገበያው ውስጥ «ጠያቂዋ» ነው የምትባለው። የሁሉንም ዋጋ ጠይቃ የጥቂቱን ስለምትገዛ መጀመሪያ ያሾፉባት ነበር፤ አሁን ካልመጣች ይጨነቃሉ። ባለ ሽንኩርቷ ከሁለት ጆንያ መሐል ሆና ከሩቅ ጮኸች፦ «መጣች ጠያቂዋ! እናንተ፣ ኪሳችሁን ያዙ!»

«ስንት ነው ዛሬ?»

«ዘጠና።»

«ዘጠና? ምን፣ ሽቶ አርከፍክፈሽበት ነው?»

«ሽቶማ ቢኖረኝ እኔ ራሴ አልቀባም? ዘጠና ነው።»

«ስድሳ አምስት።»

«ሂጂ ወዲያ! በጠዋቱ አታስስቂኝ!»

እታለም ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። አራተኛውን ተራምዳ አታውቅም። ሁለት እርምጃ ከሆነ የምር አይመስልም፤ አራት ከሆነ ደግሞ ሻጭ ክብሯ ይነካና ዝም ትላለች፤ ሦስት ላይ ግን የማይጠራ ሰው የለም። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ጋሼ በሠላሳ ዓመት ካገኙት ሁሉ የበለጠ እርግጠኛ የሆነ ሕግ ነው፣ ያልታተመ መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። ሦስተኛው ላይ እንደ ወትሮው ቆም አለች።

«ነይ! ነይ እሺ! ሰባ ውሰጂ፤ አንቺን ማን ይችልሻል!»

ባለ ሽንኩርቷ እየመዘነች፣ እታለም ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ሰባ» ብላ እየጻፈች፣ ወሬው እንደተለመደው ወደ ልጅ ዞረ። የባለ ሽንኩርቷ ልጅ አስተማሪ ናት። «ዘንድሮም ለአስተማሪ ጭማሪ የለም አሉ። ለምን ብትዪ፣ ዋጋ አልተወደደም! አንድ ትልቅ ምሁር አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠና። ቁጥሩ አራት ነው፣ አምስት ነው ይላል፤ መንግሥትም እሱን ይሰማል። የት ነው ግን የሚገዛው? እስቲ ይምጣና ሱቁን ያሳየን፣ እኛም እንግዛበት!»

የእታለም እርሳስ ቆመ። «በዘጠና የሚገዛሽ ሰው አለ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁሉም ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ በዘጠና ነው የሸጥኩት። ሰባ ላንቺ ብቻ ነው፤ ምላስሽ ስለሚያደክመኝ።»

እታለም ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችው። ዘጠኝ ዓመት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ሽንኩርት ዐሥራ ስምንት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብታስቀንስ ነው። ዋጋው ሲጨምር እትዬ የገበያውን ገንዘብ አይጨምሩም፤ ስለዚህ እሷ ክርክሩን ጨመረች። በየዓመቱ ምላሷ ተሳለ፣ እግሯ ተካነ፣ አሁን ከአምስት አንዱን ሳታስወርድ ቤቷ አትገባም። ኩራቷም ይኸው ነበር። ጋሼ አራት ነጥብ አንድ ሲሉ የሚለኩት የአገሩን ዋጋ አልነበረም፤ የአክስታቸውን ልጅ ምላስ ነበር። የባለ ሽንኩርቷን ልጅ ጭማሪ የከለከለቻት፣ እታለምንም በአምስት መቶ እንድትጨቃጨቅ ያደረገቻት፣ ለካ ይቺው ጎበዝ ጠያቂ ናት። ደመወዟን በገዛ እጇ፣ በሚገባ በተቀረጸ እርሳስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትቀብረው ኖራለች።

«ሰባውን» በላጲስ አጠፋችው። ዘጠና ቆጥራ ሰጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ባለ ሽንኩርቷ ገንዘቡን እንደ ሐሰተኛ እያገላበጠች። «አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ዋጋውን ልየው ብዬ ነው።»

ያን ቀን ገበያው ጠያቂዋ የሞት ሽረት በሽታ ይዟት እንደሆነ ሲያወራ ዋለ። ዘይቱን የተባለችውን ከፈለች፤ እንቁላሉን የተባለችውን፤ ድንቹን፣ ሳሙናውን፣ ስኳሩን የተባለችውን። የማትገዛውንም ጠይቃ የመጀመሪያውን ቃል ጻፈች። አንዱ ባለ ድንች ፊቷን እያየ መከራከሩ ቢናፍቀው፣ ሳትጠይቀው ራሱ ሁለት ቀነሰ፤ አልተቀበለችውም። ሃያ አራቱም ሲሞሉ ደብተሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚኖርበት ከተማ ገባ። ገንዘቡ ግን የወትሮው ስለሆነ የወትሮውን ሊገዛ አልቻለም። የደረሰው ለአንድ ዶሮ ነው።

ስትመለስ ላውንደሪው ጋ ቆመች። እንፋሎቱ ከበሩ ይወጣል፤ ባለቤቷ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትቆጥራለች። «እሺ አልሽኝ?» አለቻት ቀና ሳትል። እታለም ልትል የመጣችው «ትንሽ ታገሺኝ» ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አራት ሺህ።» ባለቤቷ ሳቀች፤ ተጨማሪ እንደሌለ፣ ጊዜው ክፉ እንደሆነ፣ ውሃና መብራት እንደተወደደ ነገረቻት። እታለም ሰምታ ስታበቃ ዘንቢሏን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ነይ እስቲ ነይ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አራት ሺህ ይሁን!»

እታለም እዚያው እንደቆመች ትንሽ አፈረች። በአርባ አራት ዓመቷ ለሽንኩርት፣ ለዶሮ፣ ለሰው ሁሉ ጓዳ ተከራክራ፣ ለራሷ ሳትከራከር የኖረች መሆኗ አሁን ገና ገባት። «እስከ አሥራ አንድ ቆዪልኝ» አለች። «መጀመሪያ ለጋሼ የማሳየው ነገር አለኝ።»

ምክትል ገዥው ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሲጨብጡ እጃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። የምግብ ክፍሉ መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ወንበራቸውን ሲስቡ መንገዱን ዘጉት። እትዬ ወጥ ቤት ገብተው አንዱን ዶሮ ሲያዩ በሹክሹክታ የሚቻለውን ያህል ጮኹ። «ለሦስት ሰው አንድ ዶሮ? ሁለት አላልኩሽም?» «ለአንድ ነው የደረሰልኝ እትዬ። ዋጋው ነው።» «የምን ዋጋ! ባለፈው ሳምንት ደርሶ የለም እንዴ!» እንግዳው ሰምተው ይሆን ብለው ፈገግ ብለው ወጡ፤ እታለምም ዶሮውን አሳንሳ ቆራርጣ፣ ድንቹን ከላይ ከምራ፣ እንደ ምንም ሁለት አስመሰለችው። ይህንንም ሙያ ቢሆን ማንም አላስተማራትም።

ከጥናት ክፍሉ ተጠራች። «እታለም! ነይ እስቲ እዚህ! በሩን ዝጊው።» ፕሮፌሰሩ ኮምፒውተራቸው ፊት ቆመዋል፤ ቁጥሩን አስገብተው ጨርሰዋል። ቀዩ መስመር እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ረጋ ብሎ ይመጣና ጫፉ ላይ እንደ ተረገጠ ድመት ወደ ላይ ይዘላል።

«ይሄ ምንድን ነው? ሠላሳ ሦስት በመቶ! ባለፈው ሳምንት አራት የነበረ!»

«ዋጋው ነዋ ጋሼ።»

«ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ከሰባ ዘጠና?»

«ባለፈውም ሳምንት ዘጠና ነበር። ሰባ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ተከራክሬ። የገዛሽበትን ጻፊ አላሉኝም? ዛሬ ግን አልተከራከርኩም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ እዚያ የቆመችውን ሴት ግን ያዩዋት አይመስልም፤ ከጀርባዋ የሆነ ነገር ሲፈርስ እንደሚያይ ሰው ነበሩ። ደግ ነገር ሊሰማ እንደሚመኝ በሽተኛ ለስለስ ብለው ጠየቁ። «እና… ሁልጊዜ ያው እኩል ነው የምታስቀንሺው? ድሮም፣ አሁንም? እኩል ከሆነ እኮ ችግር የለውም፤ ጭማሪው አይነካም።»

«ኧረ የት!» አለች እታለም፤ ሳታስበው ትንሽ ኩራት ገባባት። «ድሮማ ከሃያው አንድ ባስቀንስ ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ነው እኔም የጨመርኩት። አሁን ከአምስቱ አንዱን ሳልቀንስ የምመለስበት ቀን የለም።»

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ሙሉ፣ ከስምንቱ አገር አምስቱ፣ ለባንኩ የጻፉት ምክር፣ እንዲሁም ዛሬ ከምሳ በኋላ ይመጣል ብለው የሚጠብቁት የአማካሪ ምክር ቤት ወንበር፣ ሁሉም በአንዲት ሴት ሦስት እርምጃ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ከምግብ ክፍሉ የምክትል ገዥው ሳቅ ተሰማ። እታለም ጠበቀች። መሬት የወደቀ ሰው ሊነሳ ሲያስብ የሚታየው ዓይነት ዝምታ ነበር፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ለአፍታ፣ ያ በጀርባው አዝሎ ያባብላት የነበረው ተማሪ ብቅ የሚል መስሏት ነበር።

ብቅ ያሉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። የዛሬውን ቁጥር ከላይ እስከ ታች አጠፉት፤ የባለፈውን ሳምንት ገልብጠው በቦታው ለጠፉት። መስመሩ ጨዋነቱ ተመለሰለት፤ እንዲያውም አንገቱን ትንሽ ጨምሮ ደፋ። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። «መለኪያ ማለት ወጥነት ነው» አሉ የግንባራቸውን ላብ እየጠረጉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም። «ዘጠኝ ዓመት የሠራ ነገር በአንድ ቅዳሜ አይፈርስም። የዛሬው ያፈነገጠ ቁጥር ነው፤ ያፈነገጠ ይወጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንደ ድሮሽ ተከራከሪ። ደግሞ ይህን ነገር ለሰው እንዳታነሺው።»

«ደመወዜስ ጋሼ?»

ፕሮፌሰሩ ከልብ ተገረሙ። «ቁጥሩን አሁን አላየሽውም? ሦስት ነጥብ ዘጠኝ! ንረቱ እየረገበ ነው። ዋጋ እየረጋ ደመወዝ ይጨመራል እንዴ?»

እታለም ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ ወጣች።

ምሳው ደስ የሚል ነበር። ፕሮፌሰሩ ቁጥሩን ሲናገሩ ምክትል ገዥው ሹካቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነበር። ወለዱን አንነካውም፤ የመንግሥት ሠራተኛም ዘንድሮ ባለበት ይቆያል። ሰው ይጮኻል፤ ጩኸት ግን ቁጥር አይደለም።» ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይህ አባባል የራሳቸው መሆኑን ሊያስታውሱ ፈልገው በትሕትና ተዉት። እትዬ ዶሮውን ለእንግዳው እያቀረቡ ለራሳቸው ድንች አነሱ፤ ሆዳቸውን የሚጠብቁ መሆናቸውንም ገለጹ። እታለም ሰሐን አነሳች፣ ሰሐን አኖረች፣ ውሃ ቀዳች። ወሬው ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ ሲያልፍ ሻይ ላይ ደርሰው ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ኋላ ናት፤ አልጋውና በሩ ስለሚጋጩ በሩ ተከፍቶ አያልቅም። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የእናቷ ፎቶግራፍ፣ መታወቂያዋ። ሻንጣው ግማሽ እንኳን አልሞላም፤ ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ቀላል መሆኑ ትንሽ አስቆጣት። ደብተሩን የጥናት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ዘጠናው በታየበት ገጽ ገልጣ አስቀመጠችው። እርሳሱን ግን ያዘችው፤ የገዛችው እሷ ናት፣ ያውም ተከራክራ። የጓሮው በር ቁልፍ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ መውጫው በምግብ ክፍሉ ብቻ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነበር።

«የአዲሱ መጽሐፍ ጥያቄ» ይሉ ነበር ፕሮፌሰሩ፣ ሁለት ጣታቸውን አንስተው፣ «ትንሽ ገልበጥ ያለ ነው። ደመወዝ ለምን አይጨምርም ሳይሆን፣ ደመወዙ ሳይጨመርለት ሠራተኛው ለምን አይለቅም? እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው!»

«ፍርሃት ነው» አሉ ምክትል ገዥው። እታለም ሻንጣዋን ይዛ ከወንበራቸው ጀርባ ስትደርስ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት፤ ወሬያቸውን ግን አላቋረጡም። «የሥራ አጡ ቁጥር እንዲህ ሆኖ ማን ይንቀሳቀሳል?»

«እኔ ግን ፍቅር ነው እላለሁ» አሉ እትዬ። «ሰው ቤቱን ይለምዳል።»

«እሱም ሊለካ ይችላል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ዓይናቸውን ከእንግዳው ሳያነሱ። «እታለም፣ ስኳር አንሶታል።»

ስኳሩ እዚያው፣ ከክርናቸው አጠገብ ነበር። እታለም ሻንጣውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ስኳሩን አንድ ስንዝር ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። ከዚያ የውጪውን በር ከፍታ ወጣች።

ግቢው ውስጥ የምክትል ገዥው ሾፌር መኪናው ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የብረት በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ ዘጠኝ ዓመት ጋሼ እንዳይረበሹ በቀስታ ስትዘጋው ኖራ አሁን ማስጮህ አላወቀችበትም። መንገዱ ላይ ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እግሯ ሳታዘው በራሱ ልማድ ቆመ። ከተከፈተው መስኮት የሻይ ማንኪያ ድምፅ፣ ከዚያ የሦስት ሰዎች ሳቅ ተሰማ። እታለም የሚበቃውን ያህል ቆመች፤ የትኛውም ሻጭ ቢሆን እስከዚህ ድረስ ይጠራ ነበር።

አራተኛውን ተራመደች።